እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ስትቀመጥበት ነው

ሰሞኑን እዚህ ደሴ፣ ጎረቤት ቡና ተጠርተን ነው። አንዷ የአምስት ወር ልጇን ታቅፋ መጥታለች። የልጁ አንገት ገና አልጠናም። ቀና ሲያደርጉት ወደ ጎን ዘንበል ይላል። ጨንቋት "ምን ይሻለኛል?" ስትል ቡና የምታፈላዋ ረከቦቱን እያስተካከለች፣ "አብሽሪ እህቴ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለቻት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ቶናው አልወርድ አለኝ።

ተረቱን ጠልቼው አይደለም። ትርጉሙንም አልዘረዝርላችሁም፤ አማርኛ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ግን የምናውቀው ግማሹን ይመስለኛል። ተረቱ ስለ እንቁላሉና ስለ እግሩ ያወራል፣ መሃል ላይ ያለችውን ዶሮ አያነሳትም። የድሮ ሰዎች ማንሳት አላስፈለጋቸውም፣ ጓዳቸው ውስጥ ነበረቻ! እንቁላልን በካርቶን ትሪ ከሱቅ ለሚያውቅ ሰው ግን ዶሮዋ ከነጭራሹ ጠፍታለች።

አያቴ ቤት ወረኢሉ በኩል ነው፣ ደጋ። ዶሮ ማስታቀፍ የአያቴ ሥራ ነበር፣ ወንድ አይገባበትም። መታቀፍ ያማራት ዶሮ ታስታውቃለች። እንቁላል መጣል ታቆማለች፣ ከተቀመጠችበት አልነሳም ትላለች፣ እጅ ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ በምንቃሯ ትመታለች። ያኔ አያቴ አፉ የተሰበረ ገንቦ ትፈልግና ጭድ ትጎዘጉዝበታለች። እንቁላሎቹ ጎደሎ ቁጥር መሆን አለባቸው፣ 11 ወይም 13። ለምን ስንላት "እንዲያ ነው" ከማለት ሌላ መልስ የላትም። በየእንቁላሉ ላይ በከሰል ትንሽ ምልክት ታደርጋለች፣ ሌላ ዶሮ ሹልክ ብላ ገብታ የጣለችው እንዳይቀላቀልባት። ከጭዱ ሥር ደግሞ የማጭድ ስባሪ ትወሽቃለች፤ መብረቅ እንቁላሉን እንዳያስደነግጠው ነው። ክረምት ላይ አታስታቅፍም። ብርድና ጭቃ ጫጩት ይፈጃል። ጥቅምት ብቅ ሲል፣ አውድማው ላይ የሚለቀም ነገር ሲኖር ነው የምትጀምረው።

ከዚያ 21 ቀን። ዶሮዋ በቀን አንዴ ብቻ ትነሳለች። ጥሬዋን ለቃቅማ፣ ውሃዋን ጎንጨት አድርጋ፣ ኩሷን ራቅ ብላ ጥላ ሮጣ ትመለሳለች። ስትመለስም ዝም ብላ አትቀመጥም። እንቁላሎቹን በምንቃሯ ትገለብጣለች፣ ዳር ያለውን ወደ መሃል፣ መሃል ያለውን ወደ ዳር። ካልተገላበጠ ውስጡ ያለው ፅንስ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ሁሉ ከውጭ ስታዩት የተኛች ዶሮ ናት!

ሳምንት አለፍ ሲል አያቴ ማታ ኩራዝ ታበራና እንቁላሉን በመዳፏ ከለል አድርጋ ከብርሃኑ ፊት ትይዘዋለች። ዘር የያዘው ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ቀይ ክሮች ይታያሉ። ያልያዘው ጥርት ብሎ ያበራል፣ ይወጣል፣ ለማንም አይጠቅምም። መጨረሻ ቀኖቹ ላይ ጫጩቱ ገና ሳይወጣ ከውስጥ ሲጮህ ይሰማል፣ ዶሮዋም ትመልስለታለች። እኛ ልጆች ቅርፊቱ ስንጥቅ ሲል ልጠን እናውጣው ብለን እጃችንን ስንሰድ አያቴ ጥፊ ታቀምሰናለች። ለካ እውነቷን ነው፣ የደም ሥሮቹ ከሽፋኑ ሳይመለሱ ከተላጠ ጫጩቱ ይደማል። 21ኛው ቀን አልፎ፣ ሁለት ሦስት ቀንም ተጨምሮለት ያልተፈለፈለው ደግሞ ግም ነው። ወደ ውጭ ይወረወራል። እሱ ላይ ማንም "ቀስ በቀስ" አይልም።

ተረቱ ከየት መጣ? አጎቴ ነጋዴ ነው፣ ነገሩን ሁሉ ከገበያ ያመጣዋል። እንቁላል ያለው ዶሮ ያገኛል፣ ዶሮዋ ተሸጣ በግ ትሆናለች፣ በጉ ጥጃ፣ ጥጃው በሬ ይሆናል፣ ስለዚህ ተረቱ ስለ ሀብት ነው ይላል። እንቁላል ሰው ተሸክሞት ገበያ ይወርዳል፣ ዶሮ ከሆነ ግን ራሱ ይሄዳል፣ ሚስጥሩ ይኸው ነው ብሎ ይከራከራል። አጎቴን እወደዋለሁ፣ ግን ሐይቅ ገበያ ዶሮ በእግሯ ስትሄድ አይቶ ያውቃል? ዶሮ ገበያ የምትወርደው እግሯ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥላ ነው!

የእኔ ግምት ሌላ ነው። ተረቱን ያወጣችው ሴት ናት ባይ ነኝ፣ ያውም አራስ አጠገብ የተቀመጠች ሴት። አስቡት። ዶሮዋ የሴት ናት፣ ጓዳውም የሴት ነው። እዚያው ጓዳ መደቡ ላይ ጨቅላው ተኝቷል፣ ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ የማይል፣ ሰው ሁሉ እንዳይሰበር ብሎ የሚሰጋለት። "እንቁላል" ማለት ይህ አይደለም? ዓመት ሲሞላው ብድግ ብሎ ሲቆም ደግሞ እናቱ አጨብጭባ "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" ትለዋለች። ወፍ! መጀመሪያ እንቁላል፣ በኋላ ወፍ። ሁለቱ አባባሎች ከአንድ አፍ፣ ምናልባትም ከአንድ ጓዳ ወጥተዋል ብዬ አምናለሁ። ማስረጃ አምጪ ካላችሁኝ ልጄን አምጥቼ አሳያችኋለሁ።

ልጄ ዘጠኝ ወሩን ይዟል። በየወሩ ስንመለከተው አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው ወር ላይ አይቶኝ ሳቀ፣ ለጋዝ ሳይሆን ለእኔ ብሎ። በአራተኛው ወር እጁን አገኘው። ጀርባው ላይ ተኝቶ ጭብጡን ከዓይኑ ፊት አቁሞ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያገላብጠዋል፣ ከዚያ ሳያስበው ግንባሩን ይመታውና ይገረማል። ስድስት ወር ሲሞላ ከጡት ሌላ ገንፎ ተጀመረለት፣ ግማሹን በልቶ ግማሹን ፀጉሩን ተቀባ። አሁን ዳዴ ይላል። ከምንጣፉ ላይ የእንጀራ ፍርፋሪ በሁለት ጣቱ ለቅሞ ያነሳል። ማንኪያ ይጥላል፣ የት እንደወደቀ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ አንስቼ ስሰጠው መልሶ ይጥላል። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ። ተኝቶ ሲያድግ የዋለ የሚመስለው ልጅ ሲሠራ ነው የሚውለው። እኔም ብሆን ያቺ ዶሮ ነኝ፣ በቀን አንዴ ተነስቼ ሮጬ የምመለስ።

ትክክለኛው "ቀስ በቀስ" ያለው እዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ብዙ አገር ህፃናትን ተከታትሎ ባወጣው መሠረት ጤነኛ ልጅ ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምረው ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ሰፊ ነው። ስለዚህ "የእገሊት ልጅ በአሥር ወሩ ሄደ፣ ያንቺስ?" ለምትል ጎረቤት ተረቱ ጥሩ መልስ ነው፣ ምርቅ አድርጋችሁ መልሱላት። ልጁን ብብቱን ይዞ በግድ ለማቆም የሚታገል አባትም ካለ ንገሩት፣ ጫጩት አይላጥም።

አንገት ግን ሌላ ነው። አራት ወር አልፎት አንገቱን ቀና አድርጎ መያዝ ያልቻለ ልጅ ሐኪም ይየው። ክትባትም እንዲሁ ነው፣ 6ኛው፣ 10ኛውና 14ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ9 ወር የኩፍኝ። ቀኑ ሲያልፍ "ይደርሳል" አይባልም። አያቴ እንኳ ኩራዝ አብርታ ታያለች እኮ! ያቺ እናት ልጇን ወስዳ አሳየችው፣ ሰውነቱን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ጀምረውለታል፣ እቤትም ይለማመዳል። አሁን በሆዱ ሲያስተኙት አገጩን ከፍ ያደርጋል። ቡና ያፈላችልን ሴትዮ ይህን ስትሰማ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አላልኩሽም?"

እና ባካችሁ ተረቱን በየቦታው አታባክኑት። የተቆፈረ መንገድ ሁለት ክረምት አልፎበት ስንጠይቅ ኃላፊው "ቀስ በቀስ እንቁላል..." ይለናል። ተማሪው ለፈተና ሳያነብ ይለዋል። ዕቁቡን የማይከፍለውም ይለዋል። ወንድሜ፣ ማን ታቀፈው? በምን ሞቀ? የተቀመጠበት ሳይኖር በእግሩ የሄደ እንቁላል ወሎ ውስጥ አልታየም። ለእናንተ ዓይነቱ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚል ተዘጋጅቶላችኋል፣ እሱን ውሰዱና የዶሮዋን ለእኛ ተዉልን።