ቁርቁራና አዩርቬዳ፦ የሚባለውና እውነታው

ህንዶች «ቤር» ይሉታል፤ የአዩርቬዳ፣ ማለትም የህንድ ጥንታዊ ባህላዊ ሕክምና፣ የሳንስክሪት ጽሑፎች ደግሞ «ባዳራ»። ዓረቦች የደረቀውን «ኡናብ» ይሉታል፣ በሌላው ዓለም «ጁጁብ» ይባላል፣ እኛ ዘንድ ያለው ወንድሙ ቁርቁራ ነው። ስለዚህ ፍሬ የሚወራው ስህተት አብዛኛው የሚመጣው ስሙ አንድ ሆኖ ነገሩ ብዙ ከመሆኑ ነው። የትኛው ዛፍ? ጥሬ ወይስ የበሰለ? ሥጋው ነው፣ ዘሩ ወይስ ቅጠሉ? ይህ ሳይጠየቅ «ቁርቁራ ለእንዲህ ያለ በሽታ ይሆናል» የሚል ምክር ከመጣ መጠርጠር ነው።

«ቀይ ቴምር ነው፤ የቴምር ወገን ነው»

አይደለም። ቴምር የዘንባባ ወገን ነው። ጁጁብ ግን እሾሃማ ዛፍ ሲሆን ቤተሰቡ የጌሾ ቤተሰብ ነው። «የቻይና ቴምር» የተባለው ሲደርቅ ቆዳው ስለሚጨማደድና ስለሚጣፍጥ ብቻ ነው።

«ሁሉም ጁጁብ አንድ ነው»

ሱቅ ውስጥ በፌስታል ታሽጎ የሚሸጠው ትልቁ ቀይ ደረቅ ፍሬ ብዙውን ጊዜ የቻይናው ዚዚፈስ ጁጁባ ነው። ዛፉ ብርድ ይችላል፣ በብርድ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል፣ ፍሬውም በመስከረምና በጥቅምት ይደርሳል። የህንዱ ቤር ዚዚፈስ ሞሪቲያና ይባላል። የሞቃት አገር ዛፍ ነው፣ የቅጠሉ ጀርባ ነጭ ጸጉር የለበሰ ነው፣ ፍሬው የሚለቀመውም ከጥር እስከ መጋቢት ገደማ ነው። በእኛ ቆላ በብዛት የሚታየው ቁርቁራ ሦስተኛው ዝርያ፣ ዚዚፈስ ስፓይና ክሪስቲ ነው፤ ዓረቦች ዛፉን «ሲድር» ፍሬውን «ነብቅ» የሚሉት። አዩርቬዳ ስለ ባዳራ ሲናገር በዋናነት የህንዱን ማለቱ ነው። የቻይናውን ደረቅ ፍሬ ገዝቶ የአዩርቬዳን ምክር መከተል፣ አንዱን ሰው ተክቶ በሌላው መታወቂያ እንደ መጓዝ ነው።

«የሆድ ድርቀትን ይፈታል» እና «ተቅማጥን ያቆማል»

ሁለቱም ይባላል፤ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። አዩርቬዳ አካልን የሚያየው በቫታ (ነፋስነትና ድርቀት)፣ በፒታ (እሳትነት) እና በካፋ (እርጥበትና ክብደት) ሚዛን ነው። ባዳራንም በመጠን ከሦስት ይከፍለዋል። ትልቁና ጣፋጩ ሳውቪራ፣ መካከለኛው ኮላ፣ ትንሹና ኮምጣጣው ካርካንዱ ይባላል። በኋለኞቹ የመድኃኒት ዕፅ ጽሑፎች ሳውቪራ ቀዝቃዛና ከባድ ነው፣ ሆድን ያላላል፣ የፒታን ቃጠሎ ያበርዳል። ኮላ ግን ሙቀት አለው፣ ሆድን ይይዛል፣ ካፋንና ፒታን ይጨምራል። ስለዚህ የሚያላላውና የሚይዘው አንድ ፍሬ አይደለም። የደረቀው ደግሞ ሌላ ነው፤ ቀላል ተብሎ የምግብ መፍጫ እሳትን ለመቀስቀስና ድካምን ለማራቅ ይሰጣል።

ቻራካ ሳምሂታ የሚባለው የጥንቱ የአዩርቬዳ መጽሐፍም ዕፅዋትን በ50 ምድብ፣ እያንዳንዱን በአሥር አሥር ሲደረድር ባዳራን ከአንድ በላይ ቦታ ያስገባዋል። ለልብ ከሚስማሙት፣ ድካም ከሚያስወግዱት፣ ለማስቀመጫ መድኃኒት አጋዥ ከሆኑት ጋር ይቆጠራል። ማስታወክ ከሚያቆሙት ጋር የተጻፈው ግን ኮምጣጣው ባዳራ ተለይቶ ነው። «ለሁሉ ይሆናል» የሚለው ወሬ የመጣው እነዚህን ምድቦች አንድ ላይ ከመጨፍለቅ ይመስለናል። (በነገራችን ላይ ኮላ የክብደት ስምም ነው፤ በዛሬው የህንድ ስሌት 6 ግራም ያህል። በድሮ የመድኃኒት ቀመር «አንድ ኮላ» ተብሎ ከተገኘ ፍሬ ጨምሩ ማለት ላይሆን ይችላል።)

«ከሳራስዋቲ በዓል በፊት የበላ ተማሪ ፈተና ይወድቃል»

ሳራስዋቲ በሂንዱ እምነት የዕውቀት አምላክ ናት፤ ይህም በህንድ ምሥራቅ በቤንጋል ልጆች የሚፈሩት ነገር ነው። በዓሉ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ይውላል፣ ከዚያ በፊት ፍሬው በአብዛኛው ጥሬ ነው። ፈተናውን ተውትና ሆዱን እዩ፦ በአዩርቬዳም ጥሬው ፒታንና ካፋን ይጨምራል ተብሎ አይመከርም። የበሰለው ቤር ከአረንጓዴ ወደ ወርቃማ ቢጫ የዞረ፣ ሲነከስ ግን ገና የሚንኮሻኮሽ ነው። ሙሉ በሙሉ ቡናማ ከሆነ አልፎበታል፤ ሥጋው እንደ ዱቄት ይሆናል። ጎላ የሚባለው ዝርያ ቀድሞ፣ ኡምራን ዘግይቶ ይደርሳል።

«ቅጠሉ የስኳር በሽታን ይገድላል»

ይህን ወሬ የሚያስፋፋው በአፍ የሚታይ ማስረጃ መኖሩ ነው። የቻይናውን ጁጁብ እርጥብ ቅጠል ለአንድ ደቂቃ ያህል አኝኮ ከተፉ በኋላ ስኳር ምላስ ላይ ቢያደርጉ ጣዕም የለውም፤ አሸዋ አፍ ውስጥ እንደ ገባ ነው። ያየ ሁሉ ይደነቃል። ግን የሆነው ይህ ነው፦ በቅጠሉ ያለው ዚዚፊን የተባለ ንጥረ ነገር ጣፋጭን የሚለየውን የምላስ ክፍል ለጥቂት ጊዜ ያደነዝዛል። ስኳሩ ተውጦ ወደ ደም ይገባል፣ ምላስ ብቻ አላወቀችም። የህንዱ ጉርማር ቅጠልም ምላስ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ የስሙ ትርጉምም «ስኳር ገዳይ» ነው፤ ተክሉ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በዚህ ተማምኖ የስኳር መድኃኒት ማቆም አደገኛ ነው።

የቁርቁራ ቅጠል የታወቀ ጥቅሙ ለመታጠቢያ ነው፤ ሳፖኒን ስላለው አረፋ ይሠራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሲድር ዱቄት፣ በሶማሌዎች ዘንድ ቀሲል የሚባለው ይኸው ነው። ለመካከለኛ ጸጉር ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ለብ ያለ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ እንደ እርጎ እስኪሆን ማሸት፣ አሥር ደቂቃ ማቆየት ነው። ዱቄቱ በደንብ ካልተነፋ ፍርፋሪው ጸጉር ውስጥ ተሰክቶ አይወጣም። ዓይን ከገባ ይቆጠቁጣል።

«ማታ ጥቂት ፍሬ ከበሉ እንቅልፍ ይመጣል»

ለእንቅልፍ የሚሰጠው ፍሬው አይደለም፣ መድኃኒቱም የአዩርቬዳ አይደለም። በቻይና ሕክምና የሚታዘዘው «ሱዋን ዛኦ ሬን» የሚባለው የዱሩ ኮምጣጣ ጁጁብ ዘር ነው፤ ጠንካራው ቅርፊት ተሰብሮ የሚወጣው። ከ10 እስከ 15 ግራም ተቆልቶና ተፈጭቶ ይፈላል። የእንቅልፍ ኪኒን የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ሊደርበው አይገባም። የአዩርቬዳ ሐኪሞችም በዘሩ ውስጥ ያለውን ለጋ ፍሬ ይጠቀሙበታል፣ ግን ለማስታወክና ለስቅታ።

«የተፈጥሮ ጣፋጭ ስለሆነ አይቆጠርም»

100 ግራም እርጥብ ጁጁብ ወደ 79 ካሎሪና 69 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አለው፤ በቫይታሚኑ ከብርቱካን ይበልጣል። ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ስኳሩ ይቀራል። 100 ግራም ደረቁ ወደ 280 ካሎሪ፣ ከ70 ግራም በላይም ካርቦሃይድሬት ይይዛል። 30 ግራም ደረቅ ማለት 100 ግራም እርጥብ እንደ መብላት ነው፣ ሆድ ግን አይሞላም።

«ከወተት ጋር ይፈጫል»

ቻራካ ከወተት ጋር አይሄዱም ካላቸው ኮምጣጣ ፍራፍሬዎች አንዱ ባዳራ ነው። ምክንያቱን ለማየት አዩርቬዳ ማመን አያስፈልግም፤ ኮምጣጣውን ቤር ለብ ካለ ወተት ጋር መፍጨት ነው፣ ወተቱ ይቆራረጣል።

«ደረቅ ስለሆነ አይበላሽም»

በደቡብ ህንድ በታሚል ናዱ ከትንሹ ፍሬ «ኤላንታይ ቫዳይ» የሚባል ጠፍጣፋ ጣፋጭ ይሠራል። ግማሽ ኪሎ የበሰለ ፍሬ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ሎሚ የሚያህል ሁመር፣ 100 ግራም ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር፣ አምስት ስድስት ደረቅ በርበሬ፣ ጨውና ቁንጥር ሂንግ (ኃይለኛ ሽታ ያለው የሙጫ ቅመም) ይጨመርበታል። ከዚያ በቀጭኑ ተጠፍጥፎ ለሁለት ሦስት ቀን ጸሐይ ላይ ይሰጣል፣ ማታ ማታ ወደ ቤት ይገባል። ወፍራም ከተደረገ ውጪው ደርቆ መሃሉ ይሻግታል፤ አንዱን ለሁለት ሰብሮ ማየት ይሻላል። ፍሬውንም ከመውቀጥ በፊት ከፈል አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ የቤር ዝንብ ዕጭ ከዘሩ አጠገብ ይገኛል፣ ከውጭ የሚታየው ግን ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው።

«ዘሩ ቢዋጥም ያልፋል»

የህንዱ ዘር ድብልብልና ሸካራ ነው። የቻይናው ግን በሁለቱም ጫፍ የሾለ ነው፤ ተውጦ ጉሮሮን ወይም አንጀትን የበሳበት አጋጣሚ በሕክምና ተመዝግቧል። ለሕፃናትና ጥርስ ለሌላቸው አዛውንቶች ዘሩ ወጥቶ ይሰጥ። የጎማ ጓንት የሚያሳክካቸው ሰዎችም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀምሱ በአንድ ፍሬ ይጀምሩ፤ ለጎማ አለርጂ ያለው ሰው ለዚህ ፍሬም ሊኖረው ይችላል።