የድምፅ እኩል ክብደት ምንድን ነው?

«አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» ሲባል ብዙዎቻችን ማንም ሁለቴ አይመርጥም ማለት ይመስለናል። እሱማ ቀላሉ ነው። ከባዱ ጥያቄ የኔ ድምፅ ከናንተ ድምፅ እኩል ይመዝናል ወይ የሚለው ነው።

አንድ የምርጫ ክልል 10 ሺህ ሰው፣ ሌላው 100 ሺህ ሰው አለው እንበል። ሁለቱም አንድ አንድ ተወካይ ይልካሉ። ሁላችንም ካርዳችንን ይዘን ተሰልፈን፣ ምልክታችንን አድርገን፣ ኮሮጆ ውስጥ ከተን ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ ግን የ10 ሺዎቹ ድምፅ የ100 ሺዎቹን አሥር እጥፍ ይመዝናል። ኮሮጆ የሰረቀ የለም፣ ቆጠራውም ንጹሕ ነው። ነገሩ የተበላሸው ገና ድሮ፣ ወሰኑ ሲሰመር ነው።

አሜሪካ ውስጥ አላባማ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ግዛቷ እ.ኤ.አ. ከ1901 በኋላ የምክር ቤት ወንበሮችን እንደገና ሳታከፋፍል 60 ዓመት ቆየች። በዚህ መሃል ሕዝቡ ወደ ከተማ ጎረፈ። የበርሚንግሃም ከተማ ያለችበት ጄፈርሰን ካውንቲ (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው) ከ600 ሺህ በላይ ሕዝብ ይዞ ከግዛቱ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ በሆነው ሴኔት አንድ ወንበር፣ ላውንደስ የሚባለው የገጠር ካውንቲም 15 ሺህ ገደማ ሕዝብ ይዞ አንድ ወንበር። 40 እጥፍ ልዩነት! የሚያንገበግበው ደግሞ፣ የላውንደስ ነዋሪ አብዛኛው ጥቁር ነበር፤ ለመራጭነት እንዳይመዘገብ ስለሚከለከል ያ ሁሉ ክብደት የጥቂት ነጮች ሆነ።

የጄፈርሰን ነዋሪዎች ከሰሱ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 ስምንት ለአንድ ፈረደላቸው። ሕግ አውጪ የሚወክለው ሰውን ነው፣ ዛፍና መሬትን አይደለም አሉ ዋና ዳኛው ኧርል ዋረን። ከዚያ ወዲህ ግዛቶቹ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ሲቆጠር ወሰኑን አብረው ያስተካክላሉ። ቆጠራ ከሌለ ማስተካከያውም የለም፤ የእኛም ሕገ መንግሥት በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ይላል፣ የመጨረሻው ቆጠራ ግን የ1999 ዓ.ም. ነው።

ፍርዱ ያልደረሰበት ቦታም አለ፦ የአሜሪካ ፌዴራል ሴኔት። እዚያ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ራሱ ለእያንዳንዱ ግዛት ሁለት ወንበር ሰጥቷል። 39 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያ ሁለት፣ 600 ሺህ እንኳን የማትሞላው ዋዮሚንግም ሁለት። ያን ያህል አበሻ የሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በሕዝብ ብዛት ዋዮሚንግን ትበልጣለች፤ ግዛት ስላልሆነች ግን በሴኔቱ አንድም ወንበር የላትም። በተወካዮች ምክር ቤትም ያላት አንድ እንደራሴ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም። ዲሲ የሄደ ሰው የመኪኖቹን ታርጋ ልብ ብሎ ይይ፤ ብዙዎቹ ላይ ግርጌው ላይ «ያለ ውክልና ግብር ማስከፈል ይቁም» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል።