ከእንግሊዝኛ የመጡ ምህጻረ ቃላት በጃፓን የዕለት ተዕለት ኑሮ

ጃፓን ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው በማስታወቂያው ላይ ከኪራዩ ቀጥሎ የሚያየው «2 ኤልዲኬ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ነው። ቁጥሩ የመኝታ ክፍሎቹ ብዛት ነው፤ ኤል ሳሎን፣ ዲ መመገቢያ፣ ኬ ማድ ቤት። ፊደላቱ ከእንግሊዝኛ ቢወሰዱም አጠራሩን የፈጠሩት ጃፓናውያን ናቸው፤ ከለንደን ለመጣ ተከራይም እንግዳ ነው።

አከራዩ ያሻውን ፊደል አይለጥፍም። በማስታወቂያ መመሪያው መሠረት ባለ አንድ መኝታ ቤት «ኤልዲኬ» የሚባለው የጋራው ክፍል ቢያንስ 8 ጆ ሲሆን ነው፤ መኝታው ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 10 ጆ። ጆ በታታሚ ምንጣፍ የሚለካ ስፋት ነው፤ በማስታወቂያ አንዱ ከ1.62 ካሬ ሜትር አያንስም፤ 8 ጆ ወደ 13 ካሬ ሜትር ይጠጋል ማለት ነው። ከ8 ጆ ሲያንስ «1 ዲኬ»፣ ከ4.5 ጆ ሲያንስ «1 ኬ» ይሆናል። «1 አር» እኛ ስቱዲዮ የምንለው ነው፤ በመኝታውና በማድ ቤቱ መካከል በር የለውም።

ተከራይን የሚያዘናጋው ኤስ («ሰርቪስ ሩም»፣ ተጨማሪ ክፍል) ነው። «2 ኤስኤልዲኬ» ባለ ሦስት መኝታ ይመስላል። ኤስ የተባለው ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ የመስኮቱ ብርሃን ሕጉ ለመኖሪያ ክፍል ከሚጠይቀው፣ በመርህ ደረጃ ከወለሉ ስፋት አንድ ሰባተኛ፣ ስላነሰ መኝታ ተብሎ ያልተቆጠረ ነው። አየር ማቀዝቀዣ የሚገጠምበት ቦታ እንዳለው ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይበጃል።

በፈጣን መንገድ ላይ «ኤስኤ» ምግብ ቤትና አብዛኛውን ጊዜ ማደያ ያለው ትልቅ ማረፊያ ነው። «ፒኤ» አነስ ያለ ነው፤ መጸዳጃና የመጠጥ መሸጫ ማሽን ብቻ ሊኖረው ስለሚችል ነዳጅ የጎደለው ሹፌር አይተማመንበትም።

«ኤንጂ» ከፊልም ቀረጻ የወጣ ነው፤ የተበላሸ ቀረጻ ነበር፣ ዛሬ «አይቻልም» ለማለት ያገለግላል። «ሲኤም» የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነው። የቢሮ ሠራተኛ ሴቶች «ኦኤል» (ኦፊስ ሌዲ) የተባሉት አንድ የሴቶች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1963 የቀድሞ መጠሪያቸውን «ቢጂ» (ቢዝነስ ገርል) የሚተካ ስም አንባቢዎቹን ካስመረጠ በኋላ ነው፤ አሁን ግን ስሙ ያረጀ ይመስላል።

የላቲን ፊደል ሁሉ ከእንግሊዝኛ አይመጣም። «ኬዋይ» በወጣቶች አፍ «ኩኪ ዮሜናይ» ነው፤ ሁኔታውን የማያነብ ሰው። በግንባታ ቦታ ሰሌዳ ላይ ግን «ኪኬን ዮቺ» ነው፤ ሠራተኞች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የዕለቱን አደጋ አስቀድመው የሚለዩበት ስብሰባ።