ግራፊን ምንድን ነው? ባክቴሪያንስ እንዴት ይገድላል?

አቃቂ ቃሊቲ ወንዝ ዳር የሚለማው ቆስጣና ሰላጣ የሚጠጣው ከመሀል ከተማ ፍሳሽ ተሸክሞ የሚወርደውን ውሃ ነው። ሆዱን ሲያመው ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ ገዝቶ፣ ሻል ሲለው ግማሹን ትቶ የሚያስቀምጥም በየሰፈሩ አለ። ጀርሞች መድኃኒት የሚላመዱት እንዲህ ባለው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገመታል። ስለ ግራፊን መስማት ያለብን ለዚህ ነው።

ግራፊን የካርቦን አተሞች ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ እየሠሩ የተያያዙበት ንጣፍ ነው፤ ውፍረቱ አንድ አተም ብቻ። የእርሳስ ግራፋይት ማለት ይኸው ንጣፍ ብዙ ጊዜ ተደራርቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ግራፋይቱን በፕላስተር ደጋግመው እየላጡ ነጠላውን ንጣፍ ለዩት። እ.ኤ.አ. በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ።

አንቲባዮቲኩ አሞክሳሲሊን የሚያጠቃው ባክቴሪያው ግድግዳውን የሚሠራበትን ዘዴ ነው። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚሰብር ኢንዛይም ካመረተ ያመልጣል። ግራፊን ግን በብዙ በኩል ነው የሚመጣው። ጠርዙ እንደ ምላጭ የባክቴሪያውን ሽፋን ይቀዳድዳል፤ ከሽፋኑ ስብ እየመዘዘ ያወጣል፤ በዚያ ላይ ኤሌክትሮን እየነጠቀ ውስጡን ያውካል። ሽፋኑ የተቀደደ ባክቴሪያ የውስጡ ነገር ፈስሶ ይሞታል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መላመድ ከባድ ነው፤ አይቻልም ማለት ግን አይደለም።

እኔን በጣም የገረመኝ የአቀማመጡ ነገር ነው። የስዊድኑ ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ ግራፊኑ ተጋድሞ ከተለጠፈ ባክቴሪያውን አይነካውም። ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን ይቆራርጠዋል። የሰው ሕዋስስ? ባክቴሪያ 1 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን የሰው ሕዋስ ወደ 25 ይደርሳል፤ ስለዚህ ያው ስለት ለሰው ሕዋስ ትንሽ ጭረት ነው። ሐሳቡ ሰውነት ውስጥ የሚተከሉ ብረቶችን በዚህ መሸፈን ነው፤ ኢንፌክሽን የሚጀምረው ባክቴሪያ እዚያ ላይ ሲሰፍር ነውና።

ለውሃ ማጣሪያ የሚሞከረው በአብዛኛው ግራፊን ኦክሳይድ፣ ማለትም ኦክስጅን የተያያዘበት ግራፊን ነው፤ ከውሃ ጋር በቀላሉ ይዋሃዳል፣ የብር ማዕድን ሲጨመርበትም ይበረታል። ውጤቱ ግን እንደ አሠራሩ ይለያያል። ንጹሑ ግራፊን ኦክሳይድ ባክቴሪያን ከመግደል ይልቅ እድገቱን ያገዘባቸው ሙከራዎች አሉ። ብናኙ ወደ ሳንባ ከገባም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ግራፊን የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም፤ ቦታው ዕቃ ላይ፣ በደንብ ተጣብቆ ነው።

ሻጭ «ግራፊን ያለበት ማጣሪያ» ብሎ ካመጣላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ንጣፉ ከማጣሪያው እየተላቀቀ ውሃው ውስጥ እንደማይገባ በምን ተረጋገጠ? ባክቴሪያ መግደሉስ በየትኛው ላቦራቶሪ ተመረመረ? መልስ ከሌለው ውሃውን ማፍላት ይሻላል።