የወረቀት ጥብጣብ ኮከብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሆዱ የተነፋ፣ አምስት ጫፍ ያለው ትንሽ የወረቀት ኮከብ ከአንድ ቀጭን ጥብጣብ ይሠራል። በጃፓን፣ በኮሪያና በቻይና የመልካም ዕድል ምልክት ስለሆነ ጠርሙስ ሙሉ ተሠርቶ ለወዳጅ ይሰጣል። ሥራው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ መቋጠር፣ መጠቅለል፣ ጎኖቹን መጫን። ብዙ ሰው ግን ሁለት ሦስቴ ሞክሮ ወረቀቱ ሲጨማደድበት ይተወዋል። ጥፋቱ የእጅ አይደለም፤ ከሰው የሰማው ነገር ነው ያሳሳተው።

«ጥብጣቡ በረዘመ ቁጥር ኮከቡ ይተልቃል»

አይተልቅም፤ ይወፍራል እንጂ። ትልቅነቱን የሚወስነው የጥብጣቡ ወርድ ነው። 1 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው ጥብጣብ ተቋጥሮ ጠፍጣፋ ሲደረግ ባለ አምስት ጎን ቅርጽ ይወጣዋል። አንዱ ጎን 1.05 ሳ.ሜ. ገደማ፣ በሰፊው በኩል ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ደግሞ 1.7 ሳ.ሜ. ይሆናል። ርዝመቱን 25 አደረጋችሁት 40፣ ይህ ልክ አይለወጥም።

ታዲያ ርዝመቱ ስንት ይሁን? የወርዱ ከ25 እስከ 30 እጥፍ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በ1 ሳ.ሜ. ወርድ እያንዳንዱ እጥፋት ወደ 1.4 ሳ.ሜ. ይወስዳል፤ አምስቱን ጎን አንዴ ለመዞር 7 ሳ.ሜ. ያስፈልጋል። ቋጠሮው 5 ሳ.ሜ. ያህል ይፈጃል። ሦስት ዙር ሲጨመርበት 26 ሳ.ሜ. ይሞላል። የኤ4 ወረቀት ቁመት 29.7 ሳ.ሜ. ስለሆነ በቁመቱ ቢቆረጥ 21 ጥብጣብ ይወጣዋል፤ ልኩ የተመቸ ነው። ትንንሽ ኮከብ ከተፈለገ የወረቀቱን ቁመት መሐል ለመሐል ለሁለት ከፍሎ በ5 ሚሊ ሜትር ወርድ መቁረጥ ነው፤ ከአንድ ወረቀት 84 ጥብጣብ ይገኛል። በ2 ሳ.ሜ. ወርድ መሥራት የፈለገ ግን ቢያንስ 50 ሳ.ሜ. ርዝመት ስለሚያስፈልገው ኤ4 አይበቃውም።

«የፍሮቤል ኮከብ የሚባለውም ይኸው ነው፤ የፈጠረውም ፍሮቤል ነው»

ሁለቱም ስህተት ነው። በጀርመን ለገና የሚሠራው የፍሮቤል ኮከብ አራት እኩል ጥብጣቦችን እርስ በርስ በማጠላለፍ የሚሠራ ነው። ሲያልቅ ስምንት ጠፍጣፋና ስምንት ሾጣጣ ጫፎች ይኖሩታል። የወርዱና የርዝመቱ ምጣኔ ግን ከላይ ካልነው ጋር አንድ ነው፤ ከ1 ለ25 እስከ 1 ለ30። ፍሪድሪክ ፍሮቤል (እ.ኤ.አ. 1782–1852) የመዋዕለ ሕፃናትን ሐሳብ ያመጣ ሰው ነው፤ ለሕፃናት ቀላል የሒሳብ ሐሳብ ለማስጨበጥ ወረቀት ማጠፍን ይጠቀም ነበር። ኮከቡ ስሙን ከእሱ ወሰደ እንጂ፣ ከእሱ በፊትም የነበረ የእጅ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

«ቋጠሮው እንደ ጫማ ማሰሪያ ጥብቅ መደረግ አለበት»

አብዛኛው ኮከብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጥብጣቡ በአንድ ጫፉ በኩል ቀለበት ይደረግና አጭሩ ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በትንሽ በትንሹ፣ ጥብጣቡ ሳይጣመም መሳብ ነው። ቀለበቱ እየጠበበ ሄዶ ጠርዞቹ ገጥመው ክፍተት ሲጠፋ እጅን መግታት፤ ያን ጊዜ ብቻ በጣት ተጭኖ ጠፍጣፋ ማድረግ። ከዚያ አልፎ ከተሳበ ወረቀቱ መሐሉ ላይ ይጨማደዳል፤ የተጨማደደ ቋጠሮ ደግሞ በኋላ በምንም አይቃናም። አጭሩ ጫፍ ከቅርጹ ውጭ ከተረፈ ወደ ኋላ ታጥፎ በንብርብሮቹ መሐል ይሸጎጣል። አንድ ገጹ ብቻ ቀለም ያለው ወረቀት ከሆነ፣ ቀለበቱ ሲሠራ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን።

«ሲጠቀለል በጥብቅ ይጠቅለል»

ጥብጣቡ መንገዱን ራሱ ያውቃል፤ በጎኑ ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ ወደሚቀጥለው ጎን ያመራል። የእኛ ሥራ መከተል ነው። ከጠርዙ ጋር ልክ ገጥሞ፣ ነገር ግን እንደ ፀጉር የቀጠነች ላላ ያለች ቦታ ቀርታ ይታጠፍ። በጣም ከጠበቀ ጎኖቹ ይጎብጣሉ፣ መጨረሻ ላይም ኮከቡ አይነፋም። ጥብጣቡ ከጠርዙ ወጣ ካለ አንድ እጥፋት ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል ይሻላል፤ ስህተቱ በየዙሩ እየጨመረ ይሄዳልና።

«ካለ ኮላ ይፈታል»

አይፈታም። የቀረው ጫፍ 1 ሳ.ሜ. ገደማ ሲሆን ከመጨረሻው ንብርብር ሥር ይሸጎጣል፤ አልገባ ካለ ጫፉን ሰያፍ መቁረጥ ነው። ኮላ የሚያስፈልገው አጭር ጥብጣብ ለመቀጠል ብቻ ነው፤ መጋጠሚያውም ቋጠሮው ላይ መዋል የለበትም።

«ማንኛውም ወረቀት ይሆናል»

80 ግራም የሆነው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጥሩ ነው። 27 ሳ.ሜ. ጥብጣብ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ወደ 14 ንብርብር ይሆናል፤ በዚህ ወረቀት 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው። በካርቶን ከተሞከረ ግን ውፍረቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚሆን ጎኑን በጥፍር መግፋት አይቻልም። ሶፍት ደግሞ ቅርጽ አይዝም። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ተዘጋጅቶ የተቆረጠ ጥብጣብ ስለሚመስል ያጓጓል፤ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ግን ጥፍር ሲያሸው ይጠቁራል።

«ለመንፋት ማዕዘኖቹ ይጫኑ»

የሚጫነው የጎኑ መካከል ነው። ማዕዘኖቹ የኮከቡ ጫፎች ስለሚሆኑ መጠበቅ አለባቸው። ቅርጹ በአንድ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት በጠርዙ ይያዝ፤ ፊቱ አይነካ፣ ፊቱ ከተጫነ ሆዱ ሊወጣ አይችልም። በሌላው እጅ አውራ ጣት ጥፍር የእያንዳንዱ ጎን መሐል ወደ ውስጥ ይገፋ። መጀመሪያ አምስቱንም በቀስታ፣ በሁለተኛው ዙር ጠንከር አድርጎ። አንዱን ጎን በአንዴ እስከ መጨረሻ መግፋት ኮከቡን ያጣምመዋል። ጎኑ ሲገባ ወረቀቱ መሄጃ ስለሚያጣ ፊትና ጀርባው ያብጣል። ጠርሙስ ውስጥ ተደራርቦ የተደፈጠጠ ኮከብም አይጣልም፤ ፊቱ ላይ ስብራት ከሌለ ጎኖቹን እንደገና መጫን ይበቃዋል።