ለጌም የሚሆን የጆሮ ማዳመጫ፦ በሰራውንድና በስቴሪዮ መካከል

ስቴሪዮ ሄድፎን ለግራና ለቀኝ ጆሮ ሁለት የተለያዩ የድምፅ መስመሮችን የሚያደርስ ማዳመጫ ነው። ሰራውንድ ሄድሴት ደግሞ ድምፁ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የሚመጣ መስሎ እንዲሰማ ተደርጎ የተሠራና አብዛኛውን ጊዜ ማይክ ያለው ነው። በአዳማ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ሁለቱ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ በካርቶኑ ላይ «7.1» የሚል ቁጥር በትልቁ የተጻፈበትን የመረጠ ገዢ አይፈረድበትም። ቁጥሩ ግን ስለ ድምፁ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም።

«7.1» ሰባት ስፒከሮችንና አንድ የባስ ስፒከርን የሚያመለክት ሲሆን፣ የተወሰደውም ስፒከሮች በአድማጩ ዙሪያ ከሚተከሉበት የሲኒማና የሳሎን አደረጃጀት ነው። አንዳንድ አምራቾች ይህንኑ በጆሮ ላይ ለመድገም ሞክረው ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ሬዘር ቲያማት 7.1 በእያንዳንዱ ጆሮ አምስት፣ በጠቅላላው አስር ትንንሽ ስፒከሮች ነበሩት። እንዲህ ያለው አሠራር ሄድሴቱን ያከብደዋል፤ ከጆሮ በጣት ውፍረት ርቀት የተደረደሩ ስፒከሮችም በክፍል ውስጥ ራቅ ብሎ የተተከለ ስፒከር የሚሰጠውን የርቀት ስሜት አይሰጡም። በመሆኑም ዛሬ ሰራውንድ ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ሄድሴቶች እንደ ማንኛውም ስቴሪዮ በእያንዳንዱ ጆሮ አንድ ስፒከር ብቻ አላቸው፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው በዩኤስቢ በሚሰካው ትንሽ መሣሪያ (ዶንግል) ወይም በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው።

ይህ እንዴት እንደሚቻል ለመረዳት ሰው የድምፅን አቅጣጫ የሚለየው በሁለት ጆሮ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ወደ ግራው ጆሮ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ መዘግየቱም ቢበዛ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያነሰ፣ 0.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ጭንቅላት ስለሚጋርደው፣ በተለይ ቀጭን ድምፅ ከሆነ፣ ደክሞ ይደርሳል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1907 እ.ኤ.አ. ያብራራው ይህንን ነው። የፊትና የኋላን፣ የላይና የታችን ልዩነት ደግሞ በዋናነት የሚያስረዳን የውጭኛው ጆሮ እጥፋት ነው፤ ድምፁ በእጥፋቱ ላይ ሲነጥር መልኩ እንደ መጣበት አቅጣጫ በጥቂቱ ይለወጣል። ሰራውንድ ሶፍትዌር እነዚህን ለውጦች በስሌት ድምፁ ላይ ይጨምራቸዋል። ስሌቱ የሚመሠረተው ግን በአማካይ የጆሮ ቅርጽ ላይ ስለሆነ፣ ለአንዱ ከኋላው በትክክል የሚሰማው ኮቴ ለሌላው ጭንቅላቱ ውስጥ ታፍኖ ሊሰማው ይችላል። አንዱ ሰው ሄድሴት ያደነቀበት ምክንያት ለጓደኛው የማይሠራው ስለዚህ ነው።

ለገዢው ከሁሉ በላይ ሊነገረው የሚገባው ግን ብዙ ጌሞች ይህንን ስሌት ራሳቸው የሚሠሩ መሆናቸው ነው። በተኩስ ጌሞቹ በካውንተር ስትራይክ ከ2016፣ በቫሎራንት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስቴሪዮ ሄድፎን የሚሠራ የአቅጣጫ ድምፅ አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 በጆይስቲኩ ላይ በሚሰካ ተራ ሄድፎን ከየአቅጣጫው የሚመጣ የሚመስል (3D) ድምፅ ይሰጣል፤ ዊንዶውስ 10ም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊንዶውስ ሶኒክ የተባለውን የሰራውንድ ሶፍትዌር በነጻ ይዞ መጥቷል። ጌሙ አስልቶ በላከው ድምፅ ላይ ሄድሴቱ የራሱን ሰራውንድ ቢደርብበት፣ አንዴ የተሰላው እንደገና ይሰላል፤ ድምፁ የጉድጓድ ማሚቶ ይይዛል፤ በላይኛው ፎቅ የሚሄድ ጠላት ኮቴ ከየት እንደሆነ መለየትም ያስቸግራል። በአንድ ጊዜ መሥራት ያለበት አንድ ሰራውንድ ብቻ ነው፤ ጌሙ ካለው የሄድሴቱን ማጥፋት ተገቢ ነው።

ምርጫው በሚጫወቱት ጌም ዓይነትም ይወሰናል። በአዳማ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ዋናው ጨዋታ የእግር ኳስ ነው፤ ሁለት ተጫዋቾች አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው፣ ተራ ጠባቂው ከኋላ ቆሞ እየተከራከረ በሚጫወቱበት ቤት ማዳመጫ ማድረግ የጨዋታውን ግማሽ ደስታ ማጣት ነው፤ ኮሜንታተሩ ከየትኛውም ወገን ቢሰማ ለውጤቱ ለውጥ የለውም። በተኩስ (ሾተር) ጌሞች ግን አቅጣጫ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። በስልክ ፐብጂ የተባለውን የተኩስ ጌም ለሚጫወት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ከሰራውንድ ይልቅ ገመድ ያለው መሆኑ ይጠቅመዋል፤ ተራ የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ከምስሉ ስለሚያዘገየው ተኩሱ የሚሰማው ጥይቱ ካረፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ዶንግል ገመድ አልባ ማዳመጫ ይህ ችግር እምብዛም የለበትም፤ መብራት ጠፍቶ በላፕቶፕ ባትሪ ለሚጫወት ሰው ግን ማዳመጫውም ቻርጅ ይፈልጋል።

አዳማ ሞቃት ከተማ መሆኗም ከስሌቱ መውጣት የለበትም። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ባለ ሰው ሠራሽ ቆዳ ትራስ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት ጆሮን ላብ በላብ ያደርጋል፤ ላቡም የትራሱን ቆዳ ቶሎ ስለሚልጠው ጥቁር ቅርፊቱ አንገትና ትከሻ ላይ ይረግፋል። የጨርቅ ትራስ ያለው ይመረጣል። ጀርባው ክፍት የሆነ ስቴሪዮ ሄድፎን አየር ያስገባል፣ ድምፁም ሰፋ ብሎ ይሰማል፤ ሆኖም የውጭውን ድምፅ አይከለክልም። ባጃጅና የጭነት መኪና በማይቋረጥበት ዋና መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው ዝግ የሆነው ይሻላል፤ ፀጥ ባለ ሰፈር ግን ለክፍቱ ቅድሚያ እሰጣለሁ። እንዲህ ካሉት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 300 ኦም የሆነው ሴንሃይዘር ኤችዲ 600፣ በስልክ ወይም በጆይስቲክ ብቻ በቂ ድምፅ ስለማያወጡ ድምፅ ማጉያ መሣሪያ (አምፕ) ይፈልጋሉ። ለአብዛኛው ተጫዋች 32 ኦም አካባቢ ያለው ይስማማዋል።

በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጡት ውስጥ የእኔ ምርጫ ጥሩ ማይክ ያለው ባለ ገመድ ስቴሪዮ ነው፤ ለሶፍትዌርና ሄድሴቱ ላይ ለሚበራ የጌጥ መብራት የሚወጣው ገንዘብ ለስፒከሩና ለትራሱ ሊውል ይችላልና። የሲኒማ ስሜት ያላቸውን ባለ ታሪክ ጌሞች ለሚወድ ሰው ሰራውንድ ደስ ሊያሰኘው ስለሚችል አልቃወምም። ሱቅ ውስጥ ሲሞከር የ7.1 ቁልፉን አጥፍቶ በሚያውቁት ሙዚቃ ማድመጥ ያስፈልጋል፤ በስቴሪዮ የታፈነ ስፒከር ሰራውንድ ሲበራ አይጠራም። መሰኪያውም ይታይ፦ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው ባለ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ማይኩንም ይዞ በስልክና በጆይስቲክ ላይ ይሠራል፤ የማይክና የድምፅ ቀዳዳው በተለያየበት ኮምፒውተር ላይ ግን ጃኩን ለሁለት የሚከፍል ገመድ ያስፈልገዋል።