ፒ0171 ምንድን ነው?

የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ኮድ ማንበቢያው ሲሰካ፣ በአነስተኛ መኪናዎች ላይ በብዛት ከሚወጡት ኮዶች አንዱ ፒ0171 ነው። ትርጉሙ በባንክ 1 በኩል ያለው የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ባንክ የሚባለው የሲሊንደሮች ረድፍ ነው። አራት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩለት ትንሽ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ያለው ረድፍ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ኮዱ የሚናገረው ስለ መላው ሞተር ነው።

ኮዱ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ይህን አጥብቄ የምናገረው የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ኮዱ ሲወጣ ቀድሞ የሚቀየረው ብዙ ጊዜ የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ግን በአብዛኛው ያየውን የተናገረ ምስክር ነው፤ እሱን መቀየር ጥፋተኛውን ለቆ ምስክሩን እንደ ማሰር ይቆጠራል።

የቤንዚን ሞተር 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር አስልቶ ነዳጁን ይመጥናል፤ በጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር የተረፈ ኦክስጅን ሲያገኝ ደግሞ ነዳጅ ይጨምራል። ይህ ማስተካከያ በመቶኛ ይመዘገባል፦ አንዱ በየቅጽበቱ የሚለዋወጥ፣ ሌላው ቀስ በቀስ የሚጠራቀም የረጅም ጊዜ ማስተካከያ ነው። በጤነኛ ሞተር ሁለቱም ከዜሮ ብዙ አይርቁም። ጭማሪው ከ10 በመቶ ካለፈ መጠርጠር ይገባል፤ ወደ 25 በመቶ ሲጠጋ ብዙ መኪናዎች ኮዱን ይመዘግባሉ። መብራቱ የሚበራውም አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በተከታታይ ሁለት ጉዞዎች ላይ ሲታይ ነው።

ስለዚህ ኮዱን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ኮዱ ሲጠፋ ስህተቱ በተፈጠረበት ቅጽበት የተመዘገበው የሙቀት፣ የፍጥነትና የሞተር ዙር መረጃም አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ያንን መዝግቡ። ከዚያ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ማስተካከያውን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ አንብቡ፤ ቀጥሎ ዙሩን በደቂቃ ወደ 2500 አድርሳችሁ እንደገና አንብቡ።

በሚኒሞ ከፍ ብሎ ዙሩ ሲጨምር ከወረደ፣ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ። የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ፣ የደረቀ የማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ጋስኬት ወይም ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ እጥፋት ላይ ያለ ቀዳዳ ይፈለጋል። ቱቦው ሲታይ ደህና መስሎ ሲታጠፍ የሚከፈት ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል በእጅ ማጠፍ ይሻላል። በዓይን ካልተገኘ፣ ጭስ ወደ ውስጥ ነፍቶ የሚወጣበትን ቦታ ማየት ከሁሉም አስተማማኝ ነው። ይህ ምርመራ በግልጽ የሚሠራው የሚገባውን አየር በቀጥታ የሚለካ የአየር ፍሰት ሴንሰር ባላቸው መኪናዎች ላይ ነው። አየሩን በማኒፎልድ ግፊት በሚያሰሉት ላይ እንዲህ ያለው ቀዳዳ ይልቁንም ሚኒሞውን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ማስተካከያው ከዙሩና ከጭነቱ ጋር እየጨመረ ከሄደ ግን ነዳጁ አልደረሰም፣ ወይም አየሩ አንሶ እየተለካ ነው። የነዳጅ ግፊት በጌጅ ይለካ፤ ደካማ ፓምፕና የተደፈነ ማጣሪያ እዚህ ይታወቃሉ። የአየር ፍሰት ሴንሰሩ ከቆሸሸ ለእሱ በተሠራ ማጽጃ ብቻ ይረጭ እንጂ በጨርቅ አይነካ፤ ውስጡ ያለው ሽቦ በጣም ስስ ነው። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ቱቦ ቀዳዳም አየር አስገብቶ ሴንሰሩን ሊያሳስት ይችላል።

ከጥገና በኋላ የመብራቱ መጥፋት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ኮዱን ያጠፋ ሁሉ መብራቱን ያጠፋል። ኮዱን አጥፍታችሁ ለጥቂት ቀናት ንዱና የረጅም ጊዜ ማስተካከያውን እዩ። ወደ ዜሮ ከተመለሰ ጥገናው ይዟል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ግን ሲሊንደር እየሳተ ነው፣ ማለትም ነዳጁን በሚገባ አያቃጥልም፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ካታሊስቱን (በጭስ መውጫው ላይ ጭሱን የሚያጸዳውን ዕቃ) አግሎ ስለሚያበላሸው መኪናዋን ዳር ይዛችሁ አቁሙ።